ጠዋት ጥሩ የሚሠራ የስፌት ላይን ከሰዓት በኋላ ምርቱ የሚወርደው ለምንድነው? ቅጣትስ ያስተካክለዋል?

ጥያቄ፦ ላይን ሁለት

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መካከለኛ የልብስ ስፌት ድርጅት ሱፐርቫይዘር ነኝ። የሥራ ቱታ፣ የጥበቃ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን። በእኔ ላይን (ልብሱ ከማሽን ወደ ማሽን እየተላለፈ የሚሰፋበት ረድፍ) 26 ኦፕሬተሮች፣ ማለትም የማሽን ሠራተኞች አሉ፤ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ ጥሩ እንሠራለን። ለቱታ ኮት የተሰጠን ታርጌት በሰዓት 40 ነው፤ ጠዋት 37፣ 38 እናወጣለን። ከምሳ በኋላ ግን ይወርዳል። 9 ሰዓት አካባቢ 25 ከሞላ ደስ ይለኛል። ሪወርክ (ተበላሽቶ እንደገና የሚሠራ) የሚበዛውም ያኔ ነው። ኮሌታ ይጣመማል፣ ኪስ ወጣ ገባ ይላል፣ ስፌት ይዘላል። በዚያ ላይ እጃቸው የተፍታታ ልጆች እየለቀቁብኝ ነው። አንዷን አሠልጥኜ ሳልጨርስ ሌላዋ ትሄዳለች።

የድርጅቱ ባለቤት "ስንፍና ነው፤ ካልተቀጡ አይሠሩም" ብለዋል። ከመጪው ወር ጀምሮ ለተበላሸ ልብስ ከደመወዝ ሊቆረጥ ነው። እኔም የሚያበላሹትን በስም ዝርዝር እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።

ጥያቄዬ፦ ቅጣቱ ይሠራል? ሕጉስ ይፈቅዳል? ሌላ መንገድ ካለ ከየት ልጀምር? አደራ፣ "ሞቲቬት አድርጊያቸው" ብቻ አትበሉኝ። ጠዋት ጠዋት ሰብስቤ ስናገር ጉሮሮዬ ደርቋል።

መልስ፦ ክሮኖሜትር

እህቴ፣ የመልሱ ግማሽ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። እነዚሁ ልጆች ጠዋት 38 ያወጣሉ ብለሻል። ጠዋት ጎበዝ፣ ከምሳ በኋላ ሰነፍ የሚሆን ሰው የለም። ከሰዓት ላይ የሚለወጥ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ፈልጊ።

ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር ነኝ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላይን ባላንስ (ሥራውን በየማሽኑ እኩል ማከፋፈል) ስሠራ ቆይቻለሁ። ምክሬ፣ የስም ዝርዝሩን ትተሽ የደቂቃ ዝርዝር ያዢ ነው። ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሪ፦ ሰዓት፣ የቆመው ማሽን፣ የቆመበት ምክንያት፣ ስንት ደቂቃ። ክር አልቆ፣ መርፌ ተሰብሮ፣ ከቆረጣ ክፍል ሥራ ዘግይቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ መካኒክ ሲጠበቅ፣ የሽንት ቤት ወረፋ፣ ምንም አይቅርሽ። የሰው ስም ግን አትጻፊበት። ስም ከገባበት ነገ ሁሉም ይደብቅሻል፤ ወረቀቱም የውሸት ይሆናል።

ሌላው፣ 8 ሰዓት ላይ ላይኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዪው። ሥራ የተቆለለው ከማን ማሽን ፊት ነው? እጇን አጣጥፋ የምትጠብቀውስ ማን ናት? በሰዓት 40 ማለት ከእያንዳንዱ ቦታ በ90 ሴኮንድ አንድ መውጣት አለበት ማለት ነው። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ ብቻዋን ከሆነችና አንዱ 2 ደቂቃ የሚወስድባት ከሆነ፣ ላይኑ በሰዓት ከ30 በላይ አያወጣም። የቀሩት 25 ሰዎች ክንፍ ቢያወጡም ያው ነው።

"ታዲያ ጠዋት እንዴት 38 ወጣ?" ትይኝ ይሆናል። ማታ ኦቨርታይም ትሠራላችሁ? ኮሌታው ማታ ተገጥሞ ካደረ፣ ጠዋት የምታዩት ፍጥነት የትናንት ማታ ሥራ ነው። ያደረው ክምር ሲያልቅ እውነተኛው ፍጥነት ይገለጣል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንቺ አጣሪው።

መልስ፦ የድሮ ኦፕሬተር

እኔ ማሽን ላይ ለዓመታት የተቀመጥኩ ነኝ፤ አሁን የራሴን ትንሽ ስፌት ቤት ይዣለሁ። ኢንጂነሩ የተናገረው ልክ ነው። ግን ሰውም ማሽን አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሆዳቸው ጠይቂ። ብዙዎቻችን ከቤት የምንወጣው ሳንቀምስ ነበር። የታክሲ ወረፋ ለመቅደም ከ12 ሰዓት በፊት መንገድ ላይ ነሽ። ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለችው የማታ ሽሮ ናት፤ እሷም ለሁለት ትካፈላለች። 9 ሰዓት ላይ እጅሽ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል? በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ የሚጾሙ አሉ፤ በረመዳን ደግሞ ውሃም የለም። እኔ የሠራሁበት አንድ ቤት በጾም ወቅት ኮሌታና እጅጌን የመሰለ ዓይን የሚፈልግ ሥራ ወደ ጠዋት ይመጣ ነበር። ከሰዓት ክር መልቀም፣ ማጠፍና ማሸግ ይበዛል። ወጪ የለውም፤ ፕሮግራም ማዘዋወር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሽንት ቤቱን ራስሽ ገብተሽ እዪው። ውሃ ከሌለው ወይም ለመሄድ ካርድ መለመን ካለባቸው፣ ልጆቹ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ከዚያ ራስ ምታት ነው። በወር አበባ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ አንቺም ሴት ነሽ፣ አልነግርሽም።

ደመወዝ በቀኑ ይገባል? ይሄን አልጻፍሽም። የሚዘገይ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተዪው። አከራይ በር ላይ ቆማ የምትጠብቃት ልጅ ልቧ ኮሌታው ላይ አይሆንም።

ቅጣትን በተመለከተ፣ ከኦፕሬተር ወንበር ላይ ሆኜ ልንገርሽ። ስህተት ካስቀጣ ማንም "ተሳሳትኩ" አይልም። የተጣመመው ኪስ ለቀጣይዋ ያልፋል፣ እሷም አይታ እንዳላየች ታሳልፋለች፣ መጨረሻ ላይ ፊኒሺንግ (ልብሱ የሚጠናቀቅበት ክፍል) ጋ ይታያል። ቦታው ላይ ብትፈታው ደቂቃ የማይፈጅ ነገር፣ ያኔ ኮቱን ግማሽ መፍታት ይጠይቃል።

መልስ፦ መካኒኩ

ስፌት ይዘላል ካልሽ፣ ከልጅቷ በፊት መርፌዋን እዪ። ለወፍራም ካኪ 16 ቁጥር መርፌ ይገባል። ዩኒፎርም ሲሰፋ የነበረ ቀጭን መርፌ ሳይቀየር ካኪ ከገባበት ይጎብጣል፣ ይዘላል፣ ይሰበራል። ቀኑን ሙሉ ካኪ ሲወጋ የዋለ መርፌ ደግሞ ከሰዓት ላይ ደንዝዟል። ብዙ ቤት ስቶሩ "የተሰበረውን ካላመጣሽ አዲስ አልሰጥም" ይላል። የተሰበረውን ስባሪ መሰብሰቡ ልክ ነው፤ ልብስ ውስጥ እንዳይቀር ነው። ግን የደነዘዘውንም መለወጥ ይፈቀድ። የመርፌ ዋጋና የአንድ ኮት ዋጋ አይወዳደርም።

ሌላ ጥያቄ፦ ሞተሮቻችሁ የድሮዎቹ ክላች ናቸው ወይስ ሰርቮ? ክላች ሞተር ፔዳል ባትረግጪም ይሽከረከራል። ይጮኻል፣ ይግላል፣ መብራት ይበላል። ሰርቮ የሚዞረው ሲረገጥ ብቻ ነው። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ 26 ክላች ሞተር ከላይ ካለው ፀሐይ ጋር ተደምሮ ምን እንደሚሠራ አስቢው። ሁሉን ባንዴ ቀይሩ አልልም፤ የተቃጠለ ሞተር በተተካ ቁጥር በሰርቮ ይተካ።

መልስ፦ ላይን ሁለት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ሞተሮቹም አብዛኞቹ ክላች ናቸው። ኦቨርታይምም አለ፤ ሥራ ሲጨናነቅ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንቆያለን። ነሐሴ ላይ ደግሞ የዩኒፎርም ሥራ ስለሚበዛ አይነሳ። ደመወዝ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ይሄን የደበቅኩት አፍሬ ነው። ወረቀቱን ከሰኞ እጀምራለሁ።

መልስ፦ ባለቤት ነኝ

እዚህ ሁሉም በአለቃው ላይ ፈረደ። እኔም ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ፤ የእኛንም ወገን ስሙ። ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ክሩ አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዶላር በጨመረ ቁጥር እኛ ነን የምንቃጠለው። ደንበኛ ቀን ካለፈበት ከክፍያው ይቀንሳል። አንድ እሽግ ከተበላሸ የሳምንቱ ትርፍ ሄደ። ደመወዝ የሚዘገየው ደንበኛ ሳይከፍል ሲቀር ነው እንጂ ማንም ወዶ አያዘገይም። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቲክቶክ የምታይም አለች፤ የለችም አትበሉኝ። ቁጥጥር የሌለበት ሥራ የትም የለም።

መልስ፦ ኤች አር ከአዳማ

ጌታው፣ ቁጥጥር አይኑር ያለ የለም። ቲክቶክ የምታየዋን ለብቻዋ ጠርቶ መነጋገር፣ ካልሆነ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ይቻላል። ግን የእሷ ችግር ሌላ፣ የ26ቱ ሰው ችግር ሌላ ነው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ላይ አብሮ ሲወርድ የግለሰብ ጠባይ አይደለም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ መቁረጥን በዘፈቀደ አይፈቅድም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልተደገፈ አይቆረጥም። ተፈቅዶም ቢሆን ባንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ "ከመጪው ወር ጀምሮ" ብሎ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን ድርጅቱን ለክስ ይዳርገዋል። ይሄን ለባለቤቱ በጨዋ ደንብ ንገሪያቸው፤ ለእሳቸውም ይጠቅማል።

ኦቨርታይሙንም እዪው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው 1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። ምሽቱ 2 ሰዓት የወጣች ልጅ ቤቷ ስንት ሰዓት ትደርሳለች? መቼ ትተኛለች? በማግስቱ ከሰዓት የሚጣመመው ኮሌታ ከዚያ ጋር አይገናኝም ብዬ አላምንም።

ስለሚለቁት ልጆች ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ላይ የተቀጠሩ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመት ሳይሞላ ከሦስት አራተኛ በላይ ሄደዋል። ክፍያው ውጭ ከሚገኘው ብዙም አይሻልም፤ ሥራው ግን ከባድ ነው፣ ጤናም ይጎዳል። ስለዚህ የለቀቁት ልጆችሽ ከሌላው አገሬው የተለየ ነገር አላደረጉም። ለማቆየት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ወር ጠብቁት። አዲስ ገቢዋን በመጀመሪያው ቀን ከባድ ቦታ አታስቀምጡ፤ አንድ ጎበዝ ኦፕሬተር አጠገቧ ትሁን፤ ታርጌቷ ቀስ እያለ ይደግ። የምታሠለጥነዋም ትንሽ ጭማሪ ታግኝ፤ በነፃ ማስተማር ማንንም ይሰለቻል።

መልስ፦ ሴፍቲ ኦፊሰር

ስለ ሙቀቱና ብርሃኑ ልጨምር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ሙቀቱ 33 እና 34 ዲግሪ ሲደርስ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የሚሠራ ሰው አቅሙ በግማሽ እንደሚቀንስ ጽፏል። አዲስ አበባ ደጅ ያን ያህል አይሞቅም። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር፣ ሞተርና ካውያ ባለበት ቤት ግን ቴርሞሜትር ሰቅለሽ ብታዪ ይሻላል፤ ርካሽ ነው። ከላይ ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መክፈት፣ የካውያውን ክፍል መለየት፣ ጣሪያውን ነጭ መቀባት ከኤርኮንዲሽነር በፊት የሚሞከሩ ናቸው።

ሕንድ ባንጋሎር አካባቢ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች አምፖላቸውን በኤልኢዲ ሲተኩ መብራት ለመቆጠብ ብለው ነበር። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት በሞቃት ቀናት የሚወርደው ምርት ቀንሶ ተገኘ። ኤልኢዲ ከድሮው አምፖል ያነሰ ሙቀት ስለሚረጭ ነው።

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የአውሮፓው መለኪያ ለስፌት 750 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለጥራት ቁጥጥር 1000 ሉክስ ይላል። ስልክሽ ላይ የሉክስ መለኪያ አፕ ጫኝ፤ እንደ ዋናው መሣሪያ ባይሆንም የትኛው ረድፍ ጨለማ እንደሆነ ይነግርሻል። ጠዋት በመስኮት የሚገባው ብርሃን ከሰዓት የሚዞር ከሆነም ልብ በዪ። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በጥቁር ሰማያዊ ክር የሚሰፋ ሰው ስፌቱን ካላየው እንዴት ቀጥ ያደርገዋል?

መልስ፦ ከሎስ አንጀለስ

እኔ እዚህ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። በሰዓት ስንት ዕቃ እንዳነሳሁ እጄ ላይ ያለው ስካነር ይቆጥራል። ሽንት ቤት የሄድሽበት ደቂቃ ሁሉ ይቆጠር ነበር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አወጣች። የመጋዘን አሠሪዎች ኮታውን ለሠራተኛው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፤ የምሳና የዕረፍት ሰዓትን ወይም ሽንት ቤት መሄድን የሚከለክል ኮታ ተቀባይነት የለውም። እዚህም ያለው ጣጣ እንደናንተው መሆኑን እንድታውቁት ብዬ ነው። ታርጌቱ ከየት እንደመጣ ልጆቹ ያውቃሉ? 40 ያለው ማን ነው? ይሄ ራሱ ትልቅ ጥያቄ ይመስለኛል።

መልስ፦ ላይን ሁለት

ተመልሻለሁ። ወረቀቱን ስሞላ ሰነበትኩ።

ክሮኖሜትር፣ ኮሌታውን በትክክል ገምተሃል። ማታ የሚቀሩት ልጆች ኮሌታ ገጥመው ያሳድራሉ፤ ጠዋት ያ ነው የሚያስኬደን። ምሳ አካባቢ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ሰው ኮሌታ ይጠብቃል። መብራት መጥፋት ትልቁ ችግር ይመስለኝ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከሁሉ ያነሰው እሱ ነው። ከኮሌታ ቀጥሎ ብዙ ደቂቃ የሚበላው መካኒክ መጠበቅ ነው። አንድ መካኒክ ለሁለት ላይን ነው ያለን፤ ጄኔሬተሩም የእሱ ሥራ ነው። በመስኮት ተቃራኒ ያለው ረድፍ ላይ ደግሞ የተቃጠሉ አምፖሎች አሉ። ሪወርኩ የሚበዛውም ከዚያው ረድፍ ነው። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍኩ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ታርጌቱን ማን እንዳወጣው ጠየቅኩ። ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ሰው የነገራቸው ቁጥር ነው ተባልኩ። እዚህ ቤት፣ በእነዚህ ማሽኖች ማንም ለክቶት አያውቅም።

ነገ ከባለቤቱ ጋር ቀጠሮ አለኝ። እንዴት ላቅርበው? እሳቸው ረጅም ነገር አይሰሙም።

መልስ፦ ባለቤት ነኝ

ይሄን እኔ ልመልስልሽ፤ የእሳቸው ቦታ ላይ ስለሆንኩ። "ልጆቹ ተጎዱ" ብለሽ አትጀምሪ። እውነት ቢሆንም ከዚያ በኋላ ያለውን አይሰሙሽም። በብር አምጪው። ኮሌታ ሲጠበቅ የጠፋው ደቂቃ በሳምንት ስንት ኮት ነው? አንድ ኮት ስንት ያስገባል? ያን ቁጥር አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፊ። ቀጥሎ የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሰርቮ፣ ኮርኒስ፣ ምሳ፣ ሰርቪስ ብለሽ ባንዴ ከደረደርሽ ሁሉም ውድቅ ይሆናል። እኔም ውድቅ አደርገው ነበር። ቅጣቱን ደግሞ "ይሰረዝ" አትበዪ፤ "የሥራ ደንባችን ላይ ስለሌለ እስኪጣራ እናቆየው" በዪ። ሰውየው ፊት እንዳይነሱሽ መውጫ ስጫቸው።

መልስ፦ ክሮኖሜትር

በዚህ እስማማለሁ። የምትጠይቂው አንድ ነገር ሁለተኛ ኮሌታ ገጣሚ ይሁን። አዲስ ሰው መቅጠር አያስፈልግም፤ ኮሌታ ሲጠብቁ ከሚቆሙት አንዷን አሠልጥኚ፣ የእሷን ሥራ ለጎረቤቶቿ አከፋፍዪው። አምፖሉን ሳትጠይቂም ማስቀየር ትችያለሽ ብዬ እገምታለሁ። የመርፌውን ነገር ከስቶር ጋር ጨርሺው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ለውጡ እንደተጀመረ ቁጥሩ ከፍ ቢል ቶሎ አትደሰቺ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ቺካጎ አጠገብ፣ ሃውቶርን በሚባለው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ውስጥ ብርሃን ሲጨምሩም ሲቀንሱም ምርት ጨመረ ተብሎ ይነገራል። ሠራተኞቹ እየተጠኑ መሆናቸውን ማወቃቸው ነው ያነቃቃቸው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አለ። አንቺም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ መሃላቸው ስትቆሚ እንዲያ ሊሆን ይችላል። ለወር ያህል መዝግቢ፤ የሳምንት ቁጥር ይዘሽ ለባለቤቱ ቃል አትግቢ።

40ንም እንደገና ለኪው። ለእያንዳንዱ ሥራ ከጎበዟም ከአዲሷም አሥር አሥር ጊዜ በሰዓት ያዢና አማካዩን አውጪ። ልጆቹ እያዩሽ፣ ለምን እንደምትለኪ ነግረሻቸው ይሁን።

መልስ፦ የድሮ ኦፕሬተር

እኔ ደግሞ ሳታስፈቅጂ ልታደርጊው የምትችይውን ልንገርሽ። 9 ሰዓት ላይ የሻይ ዕረፍት አላችሁ? ከሌለ አሥር ደቂቃ ስጫቸው፤ ያኔ በሰዓት 25 እያወጣችሁ ስለሆነ የምታጪው አራት ኮት ነው። ሻዩን ከየኪሳቸው ያዋጡ፣ ዳቦውን አንቺ ጀምሪላቸው። ኮሌታ የምትገጥመዋን ልጅ ደግሞ ለብቻዋ አናግሪያት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ላይኑ እሷ ላይ ቆሞ ስትሰደብ የኖረች እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ ቀጥላ የምትለቅብሽም እሷ ናት።